ለትኩስ ተራራ የተሰፋ ጫማ

አንዳንድ ሰው ሲያይህ ፊትህን ያያል፤ አንዳንዱ ልብስህን። ይህ ሰው ግን የሚጀምረው ከታች ነው፤ ከጫማህ። በአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ሥር፣ ሁለት እርምጃ በሦስት እርምጃ በሆነች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ሙሉ ጫማ ሲሰፋ ኖሯል። ሰፈርተኛው ወስፌ ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሁለት ነገር ታይቶ ነው። አንደኛ ቀጭን ነው፤ ሁለተኛ ድምፅ የለውም። ወስፌ ቆዳ ሲበሳ አይሰማም፤ ክሩ በወዲያ በኩል ሲወጣ ነው መሥራቱ የሚታወቀው።

ዓይን አፋር ነው። ደንበኛ ሲመጣ ቀና ብሎ «ምን ልታዘዝ» አይልም። ጫማውን ይቀበላል፣ ይገለብጠዋል፣ ታኮው በየት በኩል እንዳለቀ ያያል፤ ከዚያ በጣቱ አንድ ወይም ሁለት ያሳያል፤ አንድ ማለት ነገ፣ ሁለት ማለት ከነገ ወዲያ። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። ፊደል ያውቃል፤ ግን ሰው እያየው መጻፍ ሞቱ ነው። ስለዚህ የደንበኛ ስም አይጽፍም። ሰውየውን በባዶ እግሩ ካርቶን ላይ ያቆመውና ዙሪያውን በእርሳስ ያነሣል፤ ያንን ቆርጦ ግድግዳው ላይ በምስማር ይሰቅለዋል። ማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋው ትንሽ ሥዕል ያደርግበታል። ለዳቦ ጋጋሪው ዳቦ፣ ለነርሷ መርፌ፣ ለሾፌሩ መሪ። ግድግዳው በሙሉ እግር ነው። ለአዲስ ሰው መንደሩ ሁሉ ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚሄድ ይመስለዋል።

ባለመስኮቷን ያወቃትም በጫማዋ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ትሸጣለች። በመስኮቱ በኩል የሚያያት ሰው ፊቷን፣ ቶሎ ቶሎ የሚሉ ጣቶቿንና የማያርፍ ምላሷን ነው የሚያየው። ተነሥታ ስትሄድ ያያት ጥቂት ሰው ነው። ግራ እግሯ ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ መጣች፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ግራ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችው።

«ሁለት ጣት ጨምርልኝ» አለችው። «ግን እንዳይታይ አድርገህ።»

ጨመረላት፤ እንዳይታይ አድርጎ። ግማሹን ከውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ በስፖንጅ ሞላው። ግማሹን ከታች አድርጎ በማስቲሽ አጣበቀና ዙሪያውን ቀጭን ቆዳ አለበሰው። ክር የሚባል አልነካውም፤ ክር ይታያላ። ጫማዎቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት እንዲሁ ሄደ። እሷ ጫማ ታመጣለች፣ እሱ ይደብቃል። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ስለ ተሳፋሪዎች ታወራለች፤ ስለዚያ አውቶቡስ ከሄደ በኋላ እየሮጠ ስለሚመጣው ሰውዬ፤ የት እንደምትሄድ ሳታውቅ ትኬት ስለጠየቀችው ሴትዮ። ሁለቱም አርባን እየታከኩ ነው። አንድ ቀን ወሬዋን መሐል ላይ አቋረጠችና፣ «አንተ ሰው» አለችው፣ «እኔን ለማግባት ስንት ጫማ ነው የሚቀርህ?»

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ወስፌ ጎንበስ ብሎ አነሣው። መልስ እስኪያገኝ ብሎ አነሣሡን አዘገየ፤ ግን መዶሻ ማንሣት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

«አንድ» አለ። ሌላ ቃል አልመጣለትም። እሷ ግን ቃሉን ያዘችበት።

ሰርጉ ዝናቡ ሲያበቃ እንዲሆን ተቆረጠ። ቀጥሎ የመጣው የጫጉላው ነገር ነው። እሷ መቼም በዚህ ጉዳይ ላይ ስታስብ አልተገኘችም፤ ቀድማ ጨርሳለች። በትኬት ክፍሏ ግድግዳ ላይ ዘመኑ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ወሮቹ ተቀድደው አልቀዋል፤ የቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው። በሰማያዊ ባሕር መሐል የተቀመጠች ደሴት ናት፤ ሙቀትና ዝናብ የማይለያት፣ ከዳርቻዋ ጀምሮ ጫካ የለበሰች። ከጫካው በላይ ጥቁር ተራራ ብቅ ይላል፤ ጫፉ ይጤሳል። እሳተ ገሞራ ነው። እሷ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ሥዕል ሥር ተቀምጣ ሰውን ሁሉ ወደየአገሩ ስትሸኝ ኖራለች።

«እዚያ ነው የምንሄደው» አለችው። «አልጋ ላይ ጋደም ብዬ በመስኮት ባሕር ለማየት አይደለም ሐሳቤ፤ መስኮት ጠግቤአለሁ። ጀልባ እቀዝፋለሁ፣ ጫካውን አቋርጣለሁ፣ ያንን ተራራ በእግሬ እወጣለሁ። በሁለቱም እግሬ።»

ወስፌ አንገቱን ነቀነቀ። እሱ ባሕር አይቶ አያውቅም። እሺ ለማለት ግን ባሕር ማየት አያስፈልግም።

በማግስቱ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄዱ። ፎቁ ላይ ነው፤ ወለሉ ያብረቀርቃል። ወስፌ በዚያ ወለል ላይ ጫማውን አውልቆ ቢሄድ በወደደ። የቢሮዋ ሴትዮ ለስላሳ ሰው ናት። ደሴቲቱን እንደጠሯት ወዲያው የሆቴል ሥዕል ዘረጋችላቸው። ባለመስኮቷ ሥዕሉን መልሳ አጠፈችው።

«ተራራውን ነው የምንፈልገው፣ እህት።»

«ተራራው ከባድ ነው» አለች ሴትዮዋ። «መውጫው ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ወደ ጫፉ ስትቀርቡ መሬቱ ራሱ ይሞቃል፤ ድንጋዩም እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው። እዚያ ያለው መሪ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው። ሶሉ ካላማረው ከተራራው ሥር ይመልሳል፤ ልመና አያውቅም።» ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ በጠረጴዛው ሥር ሄዶ ተመለሰ። ሲገቡ ባለመስኮቷ ትንሽ ስታነክስ አይታለች። «ለእርስዎ ግን በመኪና የሚዞሩበት በጣም ቆንጆ የሆነ…»

«እኔ ትኬት ሻጭ ነኝ» አለቻት ባለመስኮቷ። «ሰው ያልጠየቀውን ትኬት እንዴት እንደሚያስይዙት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የተራራውን ይያዙልን።»

ሴትዮዋ ሣቀች፤ ቦታውን እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ እንደምትይዝላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ለሌላ እንደምትሰጠው ነገረቻቸው። ወስፌ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘግቷል። ደረጃውን ወርደው መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው የወጣለት።

«ጫማውን… እኔ…»

«አውቃለሁ» አለችው። «አንድ ይቀርሃል አላልክም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወስፌ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ይቻላል። ሥራው ያው ነው፣ ዝምታውም ያው ነው፤ ግን ልቡ ቆርጧል። የጫጉላውን ስምንት ቀን በሚያውቀው መንገድ አቀደ። ስምንት ካርቶን በእግሯ ቅርጽ ሊቆርጥ ወሰነ፤ ቀላሉን ቀን በግራ እግሯ፣ ከባዱን ቀን በቀኝ እግሯ። መጀመሪያ ግራ፤ የደረሱበት ቀን ነው፣ አሸዋ ላይ ይራመዳሉ፤ ነጠብጣብ አደረገበት። ቀጥሎ ቀኝ፤ በጫካው ውስጥ እስከ ፏፏቴው፤ ቅጠል ሣለበት። ከዚያ ግራ፤ ጀልባ፣ እጅ ይሠራል እግር ያርፋል፤ መቅዘፊያ ሣለበት። ቀጥሎ ቀኝ፤ የዳርቻውን አለት ለአለት። ከዚያ ግራ፤ መነጽር አድርጎ ውኃ ውስጥ ዓሣ ማየት። ዓሣው ሲሣል ጫማ መሰለ፤ ተወው። ስድስተኛው የተራራው ቀን ነው። ለእሱ ምስማሩን መታ፤ ካርቶኑን ግን አልቆረጠም። ጫማው ሳያልቅ ተራራ መቁረጥ ነውር መሰለው።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይገቡ ልምምድ ጀመሩ። ከመናኸሪያው ተነሥተው እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው ጋን ድረስ ሽቅብ ሄደው ይመለሳሉ። እሱ ጫማ የሚወጠርባቸውን የእንጨት ፎርማዎች በቦርሳ ሞልቶ ይሸከማል፤ ክብደት ለመልመድ ነው። ፎርማዎቹ ጀርባው ላይ ኳኳኳ ይላሉ።

«እነዚህ ለጫጉላ ነው ወይስ ለውትድርና?» ይላል ዳቦ ጋጋሪው በር ላይ ቆሞ።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» ትመልሳለች እሷ ሳትቆም።

ጉዳዩ ያልተዋጠለት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ጋራዥ አለው፤ ትከሻው እንደ በር ነው። እሷ ትምህርት ቤት ስትገባ አምስት ዓመት ሙሉ በጀርባው አዝሎ ያመላለሳት እሱ ነው። በአንድ እሑድ እናታቸው ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየተነበበ ለሰርጋቸው ስጦታ ሆቴል እንደያዘላቸው ተናገረ።

«ከአልጋችሁ ሳትነሡ ባሕሩ ይታያል» አለ። «ምግቡ ክፍል ድረስ ይመጣል። ስምንት ቀን እግር መሬት አይነካም!»

«እኔ ደግሞ እንዲነካ ነው የምፈልገው» አለችው እህቱ።

ነገሩን ዘርዝራ ስትነግረው የወንድሟ ፊት ጠቆረ። ከዚያ ወደ ወስፌ ዞረ።

«መሐል ተራራ ላይ እግሯ እምቢ ቢል ማነው የሚሸከማት? አንተ? አንተን እኮ ንፋስ ነው የሚሸከምህ!»

ወስፌ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። የወንድሟ ጫማ ውድ ነው፤ ሶሉ ግን ተለጥፎ እንጂ ተሰፍቶ አይደለም። ይህን አስተዋለ፤ አልተናገረም።

«ተው እንጂ፣ ሰውየውን አታሳቅቀው» አሉ እናትየው። እሳቸው አንድ ጥግ ተቀምጠው ክር ይጠቀልላሉ። «አንቺም ልጄ፣ ወንድምሽ ክፉ ብሎ አይደለም። ጀርባው አንቺን ለምዶ ነው።»

«እንዲረሳኝ ነው የምፈልገው፣ እማዬ» አለች።

 ወንድምየው ተነሣ፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ጡብ ፋብሪካው ጠቆመ። ከፋብሪካው ጀርባ የተቃጠለ ጡብ ስብርባሪና አመድ የሚደፋበት ቁልል አለ፤ አምስት ፎቅ ያክላል፤ ከሩቅ ጥቁር ነው። በየቀኑ ከማቃጠያው የወጣው ስለሚደፋበት ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ዝናብ ሲያርፍበት ይጤሳል።

«ያንን ቁልል ሦስት ጊዜ፣ ሳታርፊ፣ ማንም ሳይደግፍሽ ወጥተሽ ውረጂ» አላት። «ከቻልሽ እኔ ራሴ እሸኛችኋለሁ። ካልቻልሽ ግን ሆቴሌን ትቀበያለሽ። ቃል?»

«ቃል» አለች። ወስፌን ሳታይ ነው ያለችው። እሱ ግን ቃሉ በእሱ እጅ ላይ እንደወደቀ ገባው።

ከቢሮው ቀን ጀምሮ የያዛቸውን ጫማዎች በአሥር ቀን ጨረሰ። ቁርጭምጭሚት የሚያቅፉ፣ ወፍራም ቆዳ፣ ጣት ላይ ጠንካራ። ግን ከሁሉ በላይ የኮራበት አንድ ነገር ነበር። የግራው ሁለት ጣት ጭማሪ ፈጽሞ አይታይም። ግማሹ ከውስጥ፣ ግማሹ ከታች፣ ዙሪያውን ለብሶ፤ ሁለቱ ጫማዎች መንታ ናቸው። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ ደብቆ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርጋቸው ቁልቁል አይታ፣ «ኧረ እኔ ራሴ የቱ እንደሚያጥር ጠፋኝ!» አለች።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ቁልሉ ሥር ተገናኙ። የፋብሪካው ዘበኛ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ፣ ወንበራቸውን አምጥተው ለማየት ተቀመጡ። እሷ ዱላዋን ይዛ ወጣች። ስብርባሪው ከእግሯ ሥር ክርችም ክርችም ይላል። የመጀመሪያውን ጨርሳ ወረደች፤ ፊቷ በላብ ያበራል። ዞር ብላ ሁለተኛውን ጀመረች።

ከግማሹ አለፍ እንዳለች ወስፌን አንድ ሽታ ሸተተው። የሚያውቀው ሽታ ነው፤ በየቀኑ ሱቁ ውስጥ የሚሸተው። ማስቲሽ። ሲሞቅ።

«ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ጮኾ አያውቅማ። ግን ዘገየ። የግራው ሶል ከታኮው በኩል እንደ አፍ ተከፈተ፣ ስፖንጁ እንደ ምላስ ወጣ፣ እሷም በጉልበቷ ወደቀች። ወንድሟ እንደ ጥይት ሄዶ አፈፍ አደረጋትና ጀርባው ላይ ጫናት። አስቦበት አይደለም፤ ጀርባው ነው ያደረገው።

«አውርደኝ።»

«ቆይ እስክንወርድ…»

«አውርደኝ አልኩህ!»

አወረዳት። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ቆመች፣ የሞቀው መሬት እግሯን እያቃጠላት። ከጉልበቷ ትንሽ ደም ይወጣል። ወንድሟ አልሣቀባትም፤ ይህ ነው የባሰው።

«ሆቴሉ ጥሩ ነው፣ እቴ» አላት በለሆሳስ።

ወስፌ የተከፈተውን ጫማ ከመሬት አነሣ። ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ መሬቷም ለዚያ ትንሽ የቀራት ነው የምትመስለው፣ እንዲያ ስትሞቅ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት እሷ ሱቁ መጣች። ሌላ ደንበኛ የለም። ጫማው ጭኑ ላይ ነበር፤ አልነካውም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ሳትጠይቀው ተናገረ። ምናልባት በሕይወቱ ረጅሙ ንግግር ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አሮጌ ሶል መንቀል ስፈልግ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? እሳት አስጠጋዋለሁ። ማስቲሹ ሲሞቅ በራሱ ይለቃል። ሃያ ዓመት እንዲህ ስነቅል ኖሬ፣ ለትኩስ ተራራ ጫማ በማስቲሽ አጣበቅኩልሽ። ዕውር እንኳ ይህን አያደርግም። ወንድምሽ እውነቱን ነው። ሆቴሉን…»

«ቆይ» አለችው። «እያወቅክ ለምን አልሰፋኸውም?»

«ክር ይታያል።»

«ይታያ!»

«እንዳይታይ ነው ያልሽኝ።»

«መቼ?»

«የዛሬ ስድስት ዓመት።»

ባለመስኮቷ ዝም አለች። ዝም ስትል አይቷት አያውቅም ነበርና ፈራ። ከዚያ ጫማውን ከጭኑ ላይ አነሣች፣ በተከፈተው አፉ ውስጥ ጣቷን አስገብታ ስፖንጁን ጎትታ አወጣችው።

«ያኔ ለመስኮቱ ነበር የጠየቅኩህ» አለችው። «ተራራ ዓይን የለውም። እኔ ያጠረኝን ነው የምትሞላልኝ እንጂ የምትሰውርልኝ አይደለም። ይታይ። ከሩቅ ይታይ! አሁን እስከ ቅዳሜ ስንት ቀን አለህ?»

በጣቱ አምስት አሳየ።

«ይበቃሃል» አለችና ወደ መስኮቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ለሌላ ሰው ቀላል ነው፤ ለእሱ ግን ከተራራ አይተናነስም። ተነሥቶ ጋራዥ ሄደ። ወንድምየው ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ወስፌ በእግሩ አወቀው፤ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ጎማ ስጠኝ።»

ሰውየው ከመኪናው ሥር ተንሸራትቶ ወጣ። «ምን ሊሠራልህ?»

«ለእህትህ ጫማ።»

«አሁንም?!»

«አሁንም።»

ወንድምየው አየው፤ ከጫማው እስከ ፀጉሩ። ወስፌ በዚህ ጊዜ ዓይኑን ወለሉ ላይ አልጣለም፤ ሊጥል ፈልጎ ነበር፣ ግን አልጣለም።

«ዝም ያለ ውሻ ይነክሳል የሚሉት አንተን ነው» አለ ወንድምየው ዘይት የነካ እጁን እየጠረገ። ከማዕዘኑ አንድ አሮጌ ጎማ አንከባልሎ አመጣለት። «ይህን ውሰድ። የከባድ መኪና ነው፤ አስፋልት ላይ ሲጋል የኖረ። ለእሷ ብዬ ነው፤ ለአንተ አይደለም።»

አራት ቀን ሱቁ ላይ «ሥራ አልቀበልም» የሚል ምልክት ተሰቀለ፤ ምልክቱም የተገለበጠ ጫማ ነው። ከታች የከባድ መኪናውን ጎማ፣ ከእሱ በላይ ክብደት እንዳይበዛ ቡሽ ደራርቦ፣ ከላይ ወፍራም ቆዳ አደረገ። አንዲት ጠብታ ማስቲሽ አላስነካውም። ከላይ እስከ ታች በወስፌ እየበሳ፣ በሰም በታሸ ነጭ ክር ሁለት ዙር ሰፋው። ጎማው እምቢ ይላል፤ ወስፌው ይንሸራተትና መዳፉን ይወጋዋል፤ ይጠርገውና ይቀጥላል። የግራው ጫማ ጭማሪ በሙሉ ወደ ውጭ ወጣ። ሁለት ጣት ሙሉ፣ ደረብ ደረብ ብሎ፣ ነጭ ክሩ በዙሪያው እንደ ጥርስ ተሰድሮ። መንታ አይደሉም፤ ታላቅና ታናሽ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጫማውን ይዞ ዳቦ ቤት ሄደና ከምድጃው አናት ላይ እንዲያስቀምጥለት ለመነ።

«እዚህ ቤት ዳቦ እንጂ ጫማ አንጋግርም» አለው ጋጋሪው። አስቀመጠለት ግን። እስከ ቀትር ተቀመጠ። ወስፌ አውርዶ በሁለት እጁ ጎተተው፣ ጠመዘዘው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ አጠፈው። ምንም አላለም። ጫማው ዝም ሲል ደግ ነው።

ዓርብ ከሰዓት እንደገና ቁልሉ ሥር ቆሙ። ነገ ወኪሏ ቦታውን የምትይዝላቸው የመጨረሻ ቀን ነው።

«ዛሬ ከማቃጠያው አሁን የወጣ ነው የተደፋበት» አሉ ዘበኛው። «በጣም ይፈጃል። ነገ ብትመጡስ ልጆቼ?»

«ተራራው ነገ ኑ አይለንም፣ አባቴ» አለቻቸው። ጉልበቷ ላይ ፋሻ አለ። ማሰሪያዋን አጠበቀች፣ ዱላዋን ያዘች፣ ሄደች።

ወንድምየው ዛሬ ከታች ሆኖ ማየት አላስቻለውም። «ደግፌ አይደለም፣ ከኋላ ነኝ፣ ከኋላ ብቻ!» እያለ ተከተላት። መጀመሪያውን ወጥተው ወረዱ። ሁለተኛውን ወጥተው ወረዱ። ወስፌ ከታች ቆሞ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አድርጓል። ቡሽና አመድ፣ ላብም ይሸተዋል። ማስቲሽ የለም። ዓይኑ ነጩ ክር ላይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። እሷ ሦስተኛውን ስትጀምር እርምጃዋ አጠረ፤ ግን አልቆመም። አንድ ቦታ ላይ ስብርባሪው ከሥሯ ከዳት፣ ተንሸራተተች፣ በዱላዋ ያዘች፣ ቀጠለች።

ድንገት ንፋሱ ያንን ሽታ አመጣ። ማስቲሽ!  ዓይኑ ወደ ነጩ ክር ሮጠ፤ ክሩ ደህና ነው፣ እየወጣ ነው። ታዲያ ማን ነው?

ከቁልሉ አጋማሽ ላይ ወንድምየው በአንድ እግሩ እንደ ሽመላ ቆሟል። የዚያ ውድ ጫማ ሶል ከሥሩ ለቆ ብቻውን ቁልቁል እየተንሸራተተ መጣና ዘበኛው እግር ሥር ቆመ። ዘበኛው አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«እቴ!» ይላል ሰውየው ሌላኛውን እግሩን መሬት ላይ ለማድረግ እየፈራ። «እቴ፣ እየተቃጠልኩ ነው!»

እሷ ጫፉ ላይ ደርሳለች። ሁለት እግሯን ገጥማ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁልቁል ታየዋለች።

«ና ልሸከምህ?» ብላ ጮኸችበት።

ዘበኛውን ሣቅ አፈናቸው። ወንድምየው ራሱ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሣቀ፣ ከዚያ ሣቁ ሌላ ነገር ሆነበትና ዓይኑን በዘይታም እጅጌው ጠረገ። እሷ በራሷ እግር እየወረደች አልፋው ሄደች፤ ሳታርፍ፣ ሳትደገፍ፣ እስከ ታች። ወስፌ ደግሞ ሶሉን ከዘበኛው ተቀብሎ ሽቅብ ወጣና አማቹን ትከሻውን አስያዘው። ንፋስ የሚሸከመው ሰውዬ፣ ያን የሚያነክስ፣ በር የሚያክል ሰው ደግፎ አወረደው።

«ጫማህን ነገ አምጣው፣ ጋሼ» አለው ታች ሲደርሱ።

«በማስቲሽ እንዳትነካብኝ ብቻ!»

ቅዳሜ ጠዋት ወኪሏ ቢሮ ገቡ። ወለሉ እንደዚያው ያብረቀርቃል። ባለመስኮቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ወስፌ እጇን ነካት። ከቦርሳው የግራውን ጫማ አወጣና በጠረጴዛው ላይ፣ በወረቀቶቹ መሐል፣ አስቀመጠው። አመድ እንደነካው ነው። 

«ለመሪው ይንገሩልኝ» አለ። «ጫማችንን እኔ ነኝ የሰፋሁት። የሚያጥረው ግራው ነው፤ ሁለት ጣት። እንዲታይ ነው የተሰፋው። ተራራው ሥር ሲያየን እንዳይደነግጥ።»

ሴትዮዋ ጫማውን አየች፣ ነጩን ክር በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ የሁለቱንም ስም በተራራው ዝርዝር ውስጥ አስገባች።

ከቀትር በኋላ ሱቁ ውስጥ ወስፌ ካርቶን መሬት ላይ ዘረጋ። «ቁሚ» አላት። ግራ እግሯን ያዘ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አነሣ፣ ቆረጠ፣ የሚጤስ ተራራ ሣለበት።

«ተሳሳትክ» አለችው ከላይ ሆና። «ከባዱ ቀን በቀኝ ነው ብለህ አልነበር?»

«አልተሳሳትኩም» አለና በባዶው ምስማር ላይ ሰቀለው።